መናፍስት በስፖንጅና በኬብል፦ የ1984ቱ «ጎስትባስተርስ» ለዛሬው የፊልም ክርክር ምን ይነግረናል?

በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠሩ አጫጭር ቪዲዮዎች ስልካችንን ካጥለቀለቁት ወዲህ የፊልም ወሬ ሁለት ጫፍ ይዟል። አንዱ ወገን «ድሮ ሁሉም ነገር በእጅ ይሠራ ነበር፣ ኮምፒዩተር መጥቶ ጣዕሙን አጠፋው» ይላል። ሌላው «ከእንግዲህ ካሜራም ተዋናይም አያስፈልግም» ባይ ነው። በ2024 ደግሞ ሁለት የሰማንያዎቹ አስቂኝ የመናፍስት ፊልሞች በአዲስ ክፍል ወደ ሲኒማ ተመለሱ። «ጎስትባስተርስ» በማርች፣ «ቢትልጁስ» በሴፕቴምበር። የሁለተኛው አዘጋጆች ብዙውን ነገር በአሻንጉሊትና በሜካፕ እንደሠሩት ደጋግመው አስተዋውቀዋል። «በእጅ የተሠራ» የሚለው ነገር ራሱ ማስታወቂያ ሆኗል ማለት ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የእጅ ሥራ ደጋፊዎች አዘውትረው ከሚያነሷቸው ፊልሞች አንዱ በ1984 የወጣው የመጀመሪያው «ጎስትባስተርስ» ነው። ዛሬ ሲጂአይ የምንለው፣ ማለትም በኮምፒዩተር የተሳለ ምስል፣ በፊልሙ ውስጥ የለም። ስለዚህ ለክርክሩ ጥሩ መፈተኛ ነው። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ለሁለቱም ወገን የሚመች መልስ አይሰጥም።

ቀልዱ የተገኘው ወጪ ሲቀነስ ነው

ታሪኩ ቀላል ነው። ሦስት ተመራማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ ይባረራሉ። ሥራ ሲያጡ ኒውዮርክ ውስጥ መንፈስ የሚይዝ ድርጅት ይከፍታሉ። ገበያው ይደራላቸዋል። በመጨረሻ ጎዘር የሚባል ጥንታዊ አምላክ በሴንትራል ፓርክ ዌስት አንድ አፓርትመንት ጣሪያ ላይ ሊገለጥ ሲል ይጋፈጡታል።

ሐሳቡን ያመነጨው ተዋናይና ጸሐፊ ዳን አይክሮይድ ነው። ለእሱ የመናፍስት ነገር ቀልድ ብቻ አልነበረም። ቅድመ አያቱ ሳሙኤል አይክሮይድ በካናዳ ኦንታሪዮ የጥርስ ሐኪም ሲሆን፣ በእርሻ ቤቱ ሰው ሰብስቦ የሙታንን መንፈስ ያስጠራ ነበር። አይክሮይድ ያደገው ይህን እየሰማ ነው። የመጀመሪያው ስክሪፕቱም በዚያው ልክ ሰፊ ነበር። ጊዜው ወደፊት ነው፣ መንፈስ አዳኝ ቡድኖቹ ብዙ ናቸው፣ ውጊያው ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው ይሻገራል። ከዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት አንዱን እንዲጫወት ያሰበው ጓደኛውን ጆን ቤሉሺን ነበር። ቤሉሺ ግን በማርች 1982 ሞተ።

ዳይሬክተሩ አይቫን ራይትማን ያንን ስክሪፕት ሲያይ እንደተጻፈው ቢሠራ ከ200 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር እንደሚፈጅ ገመተ። ለዚያ ዘመን የማይታሰብ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሌላ ነገር አቀረበ። ታሪኩ ወደ ዛሬዋ ኒውዮርክ ይምጣ፤ ድርጅቱ እንዴት እንደተመሠረተ ከሥሩ እናሳይ። ሃሮልድ ራሚስ በጸሐፊነትና በተዋናይነት ተጨመረ። በ1983 ክረምት ሦስቱም ማርታስ ቪንያርድ በምትባለው ደሴት ተቀምጠው ስክሪፕቱን እንደ አዲስ ጻፉት።

በእኔ እይታ የፊልሙ ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው፤ ከስፔሻል ኢፌክት፣ ማለትም የሌለውን ያለ ከሚያስመስለው የምስል ዘዴ፣ ጋር ደግሞ ግንኙነት የለውም። መንፈስ መያዝ ተራ የቀን ሥራ ሆነ። ቱታ ይለበሳል፣ ጸሐፊዋ ስልክ ታነሳለች፣ መኪናቸው የ1959 ሞዴል አሮጌ ካዲላክ አምቡላንስ ነው። የሆቴሉን ትዕይንት እንውሰድ። ሦስቱ ሰዎች አንድ አረንጓዴ መንፈስ ለመያዝ አዳራሹን ያፈራርሱታል። ሲጨርሱ ለሆቴሉ ኃላፊ ሂሳብ ያቀርባሉ፦ ለመያዣ 4 ሺህ ዶላር፣ ለመሣሪያ መሙያና ለማከማቻ 1 ሺህ። ኃላፊው አልከፍልም ሲል፣ ችግር የለም፣ ወደነበረበት እንለቀዋለን ይሉታል። እሱም ይከፍላል። ሳቁ ያለው ክፍያው ላይ ነው፤ መንፈሱ ሰበብ ብቻ ነው።

ጎዘር እስኪመጣ ድረስ ዋናው ባላንጣም ጋኔን አይደለም። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ነው። ፈቃድ የላችሁም ብሎ መናፍስቱ የታጎሩበትን ማሽን ያስጠፋዋል፣ ከተማዋም ትናወጣለች። ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት የከረመ ማንኛውም ሰው ይህ ይገባዋል።

«ለጁን 1984 ይድረስ»

በ1983፣ ከዚያ ክረምት በፊት፣ ራይትማን ወደ ኮሎምቢያ ፒክቸርስ ኃላፊ ፍራንክ ፕራይስ ሄዶ ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ። ለአስቂኝ ፊልም በወቅቱ ብዙ ነው። ፕራይስ ተስማማ፣ ግን ፊልሙ በጁን 1984 ሲኒማ ቤት መግባት አለበት አለ። የቀረው ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ነው። ያለቀ ስክሪፕት የለም። ኢፌክቱን የሚሠራም የለም፤ ታዋቂው የኢፌክት ስቱዲዮ አይኤልኤም በሌሎች ፊልሞች ተይዟል።

መውጫው የተገኘው ከአይኤልኤም ራሱ ነው። በ«ስታር ዋርስ» ሥራው የታወቀው ሪቻርድ ኤድለንድ ከዚያ ለቅቆ የራሱን ድርጅት ሊያቋቁም ነበር። ለማቋቋሚያው ኮሎምቢያ ገንዘብ አገዘው። ኤድለንድ በአንድ በኩል ስቱዲዮ እያደራጀ፣ በሌላ በኩል ወደ 200 የሚጠጉ የኢፌክት ሾቶችን (አጫጭር የምስል ቁራጮችን) በአሥር ወር ገደማ ማድረስ ነበረበት።

ቀረጻው በኦክቶበር 1983 ኒውዮርክ ተጀመረ። ድርጅቱ ቢሮ ያደረገው የእሳት አደጋ ጣቢያ ከውጭ ሲታይ ትራይቤካ ሠፈር የሚገኝ እውነተኛ ጣቢያ ነው። ውስጡ ግን ሎስ አንጀለስ ባለ ሌላ ጣቢያ ተቀረጸ። መንፈስ የሚታይበት ቤተ መጻሕፍትም እንዲሁ፦ የንባብ አዳራሹ የኒውዮርክ፣ ምድር ቤቱ የሎስ አንጀለስ። የጎዘር ቤተ መቅደስ በካሊፎርኒያ ስቱዲዮ ውስጥ ተገነባ።

የሚገርመው፣ ስሙ እንኳ ገና አላለቀለትም ነበር። በ1975 ተመሳሳይ ስም ያለው የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ስለነበር መብቱ መገዛት ነበረበት። ኒውዮርክ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ሕዝብ «ጎስትባስተርስ!» እያለ ሲጮህ ከፕሮዳክሽኑ ሰዎች አንዱ ወደ ስቱዲዮው ደወለ፤ ጩኸቱን እንዲሰሙት የስልኩን እጀታ ወደ ሕዝቡ አዞረው። ስሙን ግዙልን ማለቱ ነው።

ይህ ሁሉ ሩጫ አንድ ውጤት ነበረው። ሐሳብ መቀየሪያ ጊዜ አልነበረም። ጭራቁ ምን እንደሚመስል፣ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ተዋናዩ የት ቆሞ ወዴት እንደሚያይ ከካሜራው በፊት መወሰን ነበረበት። ስፖንጁ አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው።

የእጅ ሥራ ከቅርብ ሲታይ

ግዙፉን የማርሽማሎው ሰውዬ እንመልከት። ማርሽማሎው ከስኳርና ከጀላቲን የሚሠራ ነጭ ለስላሳ ጣፋጭ ነው። በፊልሙ ጎዘር የአንድ ማርሽማሎው ፋብሪካ የማስታወቂያ ምስል ሆኖ፣ የመርከበኛ ኮፍያ አድርጎ፣ ፈገግ እያለ ከተማዋን እየረገጠ ይመጣል። ውስጡ ያለው ቢል ብራያን ነው፤ ልብሱን የሠራውም እሱ ነው። ልብሱ ስፖንጅ ነው። ጭንቅላቱ በኬብል የሚንቀሳቀስ ስለሆነ ፈገግታውን ወደ ንዴት የሚለውጡት ከጀርባ ያሉ ሰዎች ናቸው። ስፖንጁ የሚያወጣው ሽታ መርዛማ በመሆኑ ብራያን የሚተነፍሰው አየር ለብቻው ይገባለት ነበር። የሚራመድባት ኒውዮርክ ሚኒየቸር ናት፤ ከእውነተኛው 18 ጊዜ ያነሰች ሞዴል። ለመንገዱ መኪኖች ከሱቅ የአሻንጉሊት ፖሊስ መኪና ተገዝቶ፣ ቀለሙና ቅርጹ እየተለወጠ ሌላ ሌላ መኪና እንዲመስል ተደረገ። በመጨረሻ ከሰማይ የሚወርደው የቀለጠ ማርሽማሎው ደግሞ የጺም መላጫ አረፋ ነው። ተቆጣጣሪውን የተጫወተው ዊሊያም አተርተን ከላይ እስከ ታች ተደፍቶበታል።

ሁሉም ይህን ያህል ድካም አልጠየቀም። በቤተ መጻሕፍቱ የካርድ መሳቢያዎቹ ራሳቸውን ችለው የሚከፈቱት ከግድግዳው ጀርባ የተደበቁ ሰዎች ስለሚገፏቸው ነው። ካርዶቹን ወደ ላይ የሚበትነው በቱቦ የሚነፋ አየር ነው።

ዴና የምትባለው ሴት መንፈስ ገብቶባት ከአልጋዋ በላይ የምትንሳፈፍበት ትዕይንትም አለ። የዛርን ነገር ለሚያውቅ የእኛ ተመልካች ድምጿ ሲለወጥ እንግዳ አይሆንበትም። መንሳፈፉ ግን የቲያትር ዘዴ ነው። ተዋናይቷ ሲጎርኒ ዊቨር ለሰውነቷ ልክ በተሠራ መያዣ ውስጥ ተኝታ ነበር። መያዣው ከግድግዳ በሚወጣ ምሰሶ ላይ የታሰረ ሲሆን፣ ምሰሶውን መጋረጃና ልብስ ይሸፍነዋል። ራይትማን ቀደም ሲል ከምትሃተኛው ዳግ ሄኒንግ ጋር የመድረክ ትርኢት ሲያዘጋጅ የተማረው ነው።

የማይገናኙ ነገሮች እንዴት አንድ ምስል ላይ ተገናኙ? አረንጓዴውን ሆዳም መንፈስ ሰው ለብሶት በጥቁር መጋረጃ ፊት ለብቻው ተቀረጸ። ከዚያ በኦፕቲካል ፕሪንተር ከሆቴሉ ምስል ጋር ተደረበ። ኦፕቲካል ፕሪንተር ፕሮጀክተርና ካሜራ ፊት ለፊት የተገጠሙበት መሣሪያ ነው፤ የተቀረጸን ፊልም በሌላ ፊልም ላይ መልሶ ያነሳል። ችግሩ፣ በተነሳ ቁጥር ጥራቱ ይወርዳል። ለዚህ ነው የኤድለንድ ቡድን ለኢፌክቶቹ ከተለመደው 35 ሚሊ ሜትር ይልቅ 65 ሚሊ ሜትር ፊልም የተጠቀመው፤ ሲገለበጥ የሚጠፋውን አስቀድሞ ለማካካስ። መንፈስ አዳኞቹ ከያዟቸው መሣሪያዎች የሚወጣው የብርሃን ጅረትም በእጅ የተሳለ አኒሜሽን ነው።

የጎዘር አገልጋይ የሆኑት ቀንዳም ውሾች ቆመው ሲታዩ ትልቅ አሻንጉሊት ናቸው። ሲሮጡ ግን ስቶፕ ሞሽን ነው፤ ትንሽ ሞዴል በጥቂቱ እየተነቀነቀ አንድ አንድ ፎቶ ይነሳና ፎቶዎቹ ሲቀጣጠሉ ይሮጣል። እውነቱን ለመናገር ይህኛው ዛሬ ሲያዩት ያስታውቃል። ውሻው መንገድ ሲያቋርጥ እግሩና አስፋልቱ አይስማሙም።

ፊት ለፊት የሚታይ ነገር ለተዋናይ ምን ይሰጣል?

አስቂኝ ፊልም በጊዜ አጠባበቅ ይኖራል፤ ግማሽ ሰከንድ ብትዘገይ ሳቁ ይሞታል። ከሦስቱ ተመራማሪዎች አንዱን የተጫወተው ቢል መሪ ከስክሪፕቱ እየወጣ የሚናገረው የበዛ ነው። ይህ የሚቻለው ሊቀልድበት የሚችል ነገር በአካባቢው ሲኖር ነው። ዊቨር ለፈተና ስትመጣ ራይትማን ፊት ውሻ ሆና ሶፋው ላይ ወጥታ ጮኸች፤ ዴና መንፈስ እንዲገባባት ሐሳብ ያቀረበችውም እሷ ናት።

ሪክ ሞራኒስ የተጫወተው የዴና ጎረቤት ሉዊስ መጀመሪያ ለጆን ካንዲ የታሰበ ነበር። ሞራኒስ ሲይዘው የሂሳብ ሠራተኛ አደረገው። ግብዣ ጠርቶ ካሜራው ሳይቋረጥ ከእንግዳ እንግዳ እየዞረ የሚለፈልፈው አብዛኛው የራሱ ፈጠራ ነው። የሳልሞኑን ዋጋ ከታክስ በኋላ ያሰላል፤ ጓደኞቹን ሳይሆን ደንበኞቹን የጋበዘው ወጪው ለሥራ ማስተዋወቂያ እንዲቆጠርለት መሆኑን ይናገራል። ውሻው ከመኝታ ክፍሉ እስኪወጣ ድረስ አንድም ኢፌክት የለም። ውሻው ሲወጣ የምንደነግጠው ያን ሁሉ ወሬ ስለሰማን ነው።

ቀረጻው ባለቀ በሦስት ሳምንት ገደማ፣ ኢፌክቶቹ ገና ሳያልቁ ራይትማን ፊልሙን ለሙከራ ለተመልካች አሳየ። ሰው ሳቀም፣ ጮኸም። ለእጅ ሥራ ደጋፊዎች ይህ ትንሽ የሚያስቸግር ማስረጃ ነው። የሚያደንቁት ስፖንጅ ሳይሟላም ፊልሙ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ሁለቱም ወገን የሚዘለው ነገር

«የድሮው ይሻላል» የሚለው ክርክር ጥሩ ጥሩውን ይመርጣል። በዚያው ዘመን በእጅ ተሠርተው ማንም የማያስታውሳቸው ፊልሞች ሞልተዋል። ሩጫውም ዋጋ ነበረው፤ በስፖንጅ ልብስ ውስጥ በቧንቧ አየር መተንፈስና በእሳት መሥራት ዛሬ በቀላሉ የሚፈቀድ አይመስለኝም። የስክሪፕት ጥድፊያውም ሰው ጎድቷል። አራተኛውን አባል ዊንስተንን የተጫወተው ኧርኒ ሃድሰን፣ መጀመሪያ ያነበበው ስክሪፕት ላይ ገጸ ባሕርዩ ከመነሻው የሚገባና ትልቅ እንደነበር፣ ቀረጻ ሲደርስ ግን ወደ መሃል ተገፍቶ እንዳነሰ በኋላ በይፋ ተናግሯል። የ1984ቱ ፖስተር ላይም የሚታዩት ሦስቱ ብቻ ናቸው።

የኮምፒዩተር ደጋፊዎችም ትክክል የሚሉት አለ። ያ የውሻ ሩጫ ዛሬ በኮምፒዩተር የተሻለ ይሆናል። ጥሩ ሲጂአይ ደግሞ አይታይም፤ የምናማው መጥፎውን ብቻ ነው። እነሱ የሚዘሉት የአሠራሩን ቅደም ተከተል ነው። ኮምፒዩተር ውሳኔን ማስተላለፍ አስቻለ። «አሁን እንቅረጸው፣ ጭራቁን በኋላ እንወስናለን» ማለት ተቻለ። ተዋናዩ አረንጓዴ ጨርቅ እያየ ይደነግጣል፣ የደነገጠበት ነገር መልኩ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው። የሚተላለፈው ውሳኔ ሁሉ በመጨረሻ ኢፌክት ሠራተኞች ጫንቃ ላይ ያርፋል። በ2023 የማርቭል ስቱዲዮ የቪዥዋል ኢፌክት ሠራተኞች በማኅበር ለመደራጀት ድምፅ ሲሰጡ ይህ ዓይነቱ ማለቂያ የሌለው ማስተካከያ ከቅሬታዎቹ አንዱ ነበር።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይህንኑ መንገድ ያራዝመዋል። ምስል ማውጣት ይረክሳል፣ ያለ ጥርጥር። ርካሽ ሲሆን ደግሞ መቶ ዓይነት ማርሽማሎው ሰውዬ አስወጥቶ መምረጥ ይቻላል። የሆቴሉን ሂሳብ የሚያህል ቀልድ ማሰብ ግን በዚያ አይረክስም። የሚጠበቀው ድብልቅ አሠራር ነው። በ2021 የወጣው የ«ጎስትባስተርስ» ክፍል ውሾቹን ለቅርብ ሾት በሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት፣ ለቀረው በኮምፒዩተር ሠርቷቸዋል። ትልልቅ ስቱዲዮዎች «በእጅ የተሠራ» የሚለውን ለማስታወቂያ ይይዙታል፣ ከጀርባ ኮምፒዩተሩ ይቀጥላል።

ከሞቱ በኋላ መተወን

ከሁሉም የከረረው ጥያቄ ግን ስለ ሰው ነው። ሃሮልድ ራሚስ በ2014 አረፈ። በ2021ዱ ፊልም መጨረሻ ላይ ገጸ ባሕርዩ ኢጎን መንፈስ ሆኖ፣ አርጅቶ፣ ከድሮ ጓደኞቹ ጎን ይቆማል። ፊቱ በኮምፒዩተር የተሠራ ነው። አንዳንዱ ተመልካች አለቀሰ፤ አንዳንዱ ሙታንን ለገበያ ማውጣት ነው አለ። ሁለቱም ስሜት ይገባኛል። ራሚስ ታሪኩን ከጻፉት አንዱ መሆኑ፣ የፊልሙ ዳይሬክተርም የራይትማን ልጅ ጄሰን መሆኑ ነገሩን ያለሰልሰዋል። ለማያውቁት ሟች ግን ይህ ማለዘቢያ የለም።

ሕጉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ2023 የአሜሪካ ተዋናዮች 118 ቀን ሥራ ካቆሙባቸው ጉዳዮች አንዱ ዲጂታል ቅጂ ነበር፤ ማለትም የሰውን መልክና ድምፅ በኮምፒዩተር መልሶ መሥራት። ስምምነቱ ፈቃድና ክፍያ እንዲኖር አስገደደ። በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ የካሊፎርኒያ ገዥ የሟች ተዋናይን ዲጂታል ቅጂ ያለ ወራሾቹ ፈቃድ መጠቀምን የሚከለክል ሕግ ፈረመ። ሕጉ የሚሠራው ካሊፎርኒያ ላይ ነው። ቪዲዮ የሚያመርቱት መሣሪያዎች ግን የግዛት ወሰን አያውቁም፣ ቀጣዩ ሙግትም የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

ስለ 2021ዱ ትዕይንት አንድ ነገር ልጨምር። በቀረጻው ቀን የራሚስ ቦታ ባዶ አልነበረም። ተዋናዩ ቦብ ጋንተን በአካል ቆሞለት ነበር፣ አይቫን ራይትማን ራሱም በአንዳንዱ ሾት ተክቶታል። ቢል መሪና ዳን አይክሮይድ ስንብታቸውን የተናገሩት ፊታቸው ለቆመ ሰው ነው። ፊቱ የተቀየረው ከዚያ በኋላ ነው።